24 ሣንቲ ሜትር ለሁሉም፦ በኦምዱርማን ለተቀላቀሉ ልጆች ክፍልፋይን የማስተማር መመሪያ

ኦምዱርማን ገበያ፣ ወርቅ ሻጮቹ መደዳ ድረስ ከእናቱ ጋር የሄደ ልጅ ሳያውቀው ክፍልፋይ ሲያነብ ይውላል። «ዒያር 21» የሚባለው ቀለበት ከ24 እጅ 21 እጁ ንጹሕ ወርቅ ነው፤ ሲቃለል 7/8 ይሆናል። «ዒያር 18» ደግሞ 3/4 ነው። ወንዝ ዳር ያለው እርሻ በፈዳን ይለካል፤ አንዱ ፈዳን 24 ቂራጥ ነው። ቀንና ሌሊቱ ተደምሮ 24 ሰዓት ነው። ሰዎች ይህን ቁጥር የወደዱት ያለ ምክንያት አይደለም፦ 24 ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ6፣ ለ8 እና ለ12 ያለ ቀሪ ይካፈላል።

ይህ መመሪያም በ24 ላይ ይቆማል። የተጻፈው በኦምዱርማን የሐበሻ ልጆችን ለሚያስተምሩ መምህራን፣ በግቢያቸው የሰፈር ልጅ ሰብስበው ለሚያስጠኑ ወላጆችና ታላላቆች ነው። የሚያስፈልግዎ ያለቀ ደብተር፣ ማስመሪያ፣ መቀስና ሲባጎ ገመድ ብቻ ነው።

ችግሩን ያውቁታል። ምንጣፉ ላይ አንድ ላይ የተቀመጡት ልጆች የመጡበት መንገድ አንድ አይደለም። አንዷ በሱዳን ትምህርት ቤት በአረብኛ ተምራለች፤ ሌላው ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ የኢትዮጵያን መጽሐፍ ይዞ መጥቷል፤ ሦስተኛው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023) ጦርነቱ ሲፈነዳ ደብተሩን እንደ ዘጋ አልከፈተውም። ዩኒሴፍና የሕፃናት አድን ድርጅት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 እንዳስታወቁት በሱዳን 19 ሚሊዮን ያህል ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ነበሩ። ስለዚህ የ12 ዓመት ልጅ ከ8 ዓመት ልጅ እኩል ክፍልፋይን «ሀ» ብሎ ቢጀምር አይግረምዎ።

ክፍልፋይን ደግሞ ዘለን አናልፈውም። ተመራማሪው ሮበርት ሲግለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት መሠረት፣ በአሜሪካና በብሪታንያ ልጆች በ10 ዓመታቸው ገደማ ስለ ክፍልፋይና ስለ ማካፈል ያላቸው እውቀት ከአምስትና ስድስት ዓመት በኋላ በአልጀብራ የሚኖራቸውን ውጤት አስቀድሞ ይጠቁማል። የቤተሰብ ገቢና የልጁ አጠቃላይ ችሎታ ተቆጥሮም ውጤቱ ያው ነው።

የዚህ መመሪያ ምክር አንድ ነው፦ ትምህርቱን ሦስት ቦታ አይቆራርጡት። ጥያቄው ለሁሉም አንድ ይሁን፤ የሚለያየው ልጁ ጥያቄውን የሚይዝበት መሣሪያ ይሁን።

ደረጃ 1፦ በአሥር ደቂቃ ልጆቹን ይወቁ

ዕድሜንና የክፍል ደረጃን ለጊዜው ይርሱ። ለእያንዳንዱ ልጅ ቁራጭ ወረቀት ሰጥተው አምስት ነገር ይጠይቁ፦

1. ወረቀቱን አራት እኩል ቦታ አጥፈህ ሦስቱን ቀለም ቀባ።
2. 1/4 እና 1/8፣ የቱ ይበልጣል? ለምን?
3. ከ0 እስከ 2 በተሰመረ መስመር ላይ 3/4ን እና 5/4ን አሳይ።
4. 1/2 + 1/3 ሳትደምር ገምት፦ ከ1 ይበልጣል ወይስ ያንሳል?
5. 6 ዳቦ ለ10 ሰው እኩል አካፍል። በሥዕልም በቁጥርም ይቻላል።

መልሱን ትክክል ነው ስሕተት ነው ብለው ብቻ አያስቀምጡ፤ «ለምን?» የሚለውን ያድምጡ። «8 ከ4 ስለሚበልጥ 1/8 ይበልጣል» ያለ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ በሙሉ ቁጥር ያወቀውን ሕግ ወደ ክፍልፋይ ይዞት ገብቷል። በመጀመሪያው ጥያቄ የተቸገረ ልጅ በወረቀት ሥራ ይጀምራል። አጥፎ ቀለም ቀብቶ መስመሩ ላይ የጠፋበት በመስመር ሥራ ይጀምራል። መስመሩን አልፎ በግምት የሚያስረዳ በቁጥር ሥራ ይጀምራል።

ስሙን ልብ ይበሉ። የተሰየመው ሥራው እንጂ ልጁ አይደለም። «ደካሞች እዚህ፣ ጎበዞች እዚያ» የሚል ስም በአንድ ቀን ይለጠፋል፤ ለመላጥ ግን ዓመት ይፈጃል። ዛሬ ወረቀት የያዘ ነገ መስመር፣ ከነገ ወዲያ ቁጥር እንደሚይዝ ልጆቹ ይወቁ።

ደረጃ 2፦ ቋንቋዎቹን ያስታርቁ

በኦምዱርማን ከስሌቱ በፊት ልጁን የሚጥለው ብዙ ጊዜ ቃሉና አጻጻፉ ነው። ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ወረቀት ለጥፈው ከልጆቹ ጋር ይሙሉት፦

- ክፍልፋይ፦ በአረብኛ ከስር
- ላዕል፦ በስጥ
- ታህት፦ መቃም
- ግማሽ (እኩሌታ)፦ ኑስ
- ሲሶ (አንድ ሦስተኛ)፦ ቱልት
- ሩብ (አንድ አራተኛ)፦ ሩብዕ
- አንድ ስምንተኛ፦ ቱሙን

«ሩብ» እና «ሩብዕ» ወንድማማች ቃላት መሆናቸውን ልጆቹ ራሳቸው ያገኙታል። «ሲሶ»ን ግን ሱዳን ተወልዶ ያደገ ልጅ ላያውቀው ስለሚችል ያስተምሩት።

ሁለቱ ቋንቋዎች ክፍልፋይን የሚያዩበት ዓይን ይለያያል፤ ይህን ይጠቀሙበት። አማርኛ «ከአራት እጅ ሦስቱ» ሲል መጀመሪያ ሙሉው ስንት ቦታ እንደ ተከፈለ ይናገራል፣ ከዚያ የተወሰደውን ይቆጥራል። አረብኛው ደግሞ «ሦስት ሩቦች» እንደ ማለት ሩብን እንደ ብርቱካን ይቆጥረዋል። የመጀመሪያው አነጋገር የታህትን ትርጉም ያስይዛል፤ ሁለተኛው 3/4 + 3/4 ስድስት ሩብ መሆኑን ያለ ጣጣ ያሳያል። ልጆቹ እያንዳንዱን ክፍልፋይ በሁለቱም አነጋገር ይበሉት።

የአማርኛው ወጥመድ «ሦስተኛ» ነው። «ከክፍሉ ሦስተኛ ወጣሁ» እና «አንድ ሦስተኛውን በላሁ» ጆሮ ላይ ይመሳሰላሉ። ገና የሚጀምር ልጅ «ሲሶ» ወይም «ከሦስት እጅ አንዱ» ቢል ይቀልለዋል።

አሃዞቹም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። በአረብኛው አጻጻፍ አምስት የእኛን ዜሮ ይመስላል፤ ዜሮው ነጥብ ብቻ ነው፤ ስድስቱ የእኛን ሰባት ይመስላል። ስለዚህ አንዲት ልጅ 5/6 ጽፋ ሳለ እርስዎ 0/7 ብለው ሊያነቡባት ይችላሉ። ድብልቅ ቁጥር ሲጻፍም ከቀኝ ወደ ግራ በሚሄደው አጻጻፍ ሙሉው ቁጥር ከክፍልፋዩ በስተቀኝ ይቀመጣል። «ተሳስተሻል» ከማለትዎ በፊት «አንብቢልኝ» ይበሉ። አረብኛ የምታውቀው ልጅ አሃዞቹን ለእርስዎም ለጓደኞቿም ታስተምር፤ የዚያን ቀን መምህርቷ እሷ ናት።

ደረጃ 3፦ የ24 ሣንቲ ሜትር ቁራጮችን ያዘጋጁ

ካለቀ ደብተር ልባስ 24 ሣንቲ ሜትር ርዝመትና 3 ሣንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ቁራጮች ይቁረጡ። አንዱ ሳይቆረጥ «ሙሉ» ሆኖ ይቅር። ሌሎቹ እንዲህ ይቆረጡ፦

- ግማሽ፦ 12 ሣንቲ ሜትር
- ሲሶ፦ 8
- ሩብ፦ 6
- ስድስተኛ፦ 4
- ስምንተኛ፦ 3
- አሥራ ሁለተኛ፦ 2
- ሃያ አራተኛ፦ 1

ልጆቹ ራሳቸው ይለኩ፣ ራሳቸው ይቁረጡ። ሲሶውን አጥፎ ማግኘት ለትንንሾቹ ስለሚከብድ በማስመሪያ ይለኩት። የዓይን ችግር ላለበት ልጅ 24 ጊዜ በእኩል ርቀት የተቋጠረ ወፍራም ሲባጎ ያዘጋጁ፤ በጣቱ ይቆጥራል።

ትምህርቱን እንጀራ በመቁረስ ወይም ዳቦ በማካፈል መክፈት መልካም ነው፤ ግን እዚያ አይቆዩ። ክብ ነገር ግማሽንና ሩብን ያሳምራል፣ ሲሶንና ስድስተኛን ግን ያበላሻል፤ ከ1 የሚበልጥ ክፍልፋይ ሲመጣ ደግሞ ሁለተኛ እንጀራ ማምጣት ሊኖርብዎ ነው። ረጅሙ ወረቀት በቀጥታ ወደ ቁጥር መስመር ያሻግራል፤ ክፍልፋይ የዳቦ ቁራሽ ብቻ ሳይሆን ራሱን የቻለ ቁጥር መሆኑን ልጁ የሚያየው እዚያ ነው።

ደረጃ 4፦ አንድ ጥያቄ፣ ሦስት መሣሪያ

የዛሬው ጥያቄ ይህ ይሁን፦ «እናትሽ ሩብ ኪሎ ቡና ገዛች፤ ጎረቤት ደግሞ ሲሶ ኪሎ ጨመረችላት። ግማሽ ኪሎ ሞላ ወይ? በትክክል ስንት ሆነ?»

የወረቀት ሥራ፦ ልጁ የ6 እና የ8 ሣንቲ ሜትር ቁራጮችን ይቀጥላል፤ 14 ሣንቲ ሜትር ይሆናል። ግማሹን (12) ከጎኑ ሲያስቀምጥ ማለፉን ያያል። ከዚያ ሁለቱንም ያለ ቀሪ የሚሸፍን አንድ ዓይነት ቁራጭ ይፈልጋል። የ2 ሣንቲ ሜትሩ ሰባት ጊዜ ገባ፤ መልሱ 7/12 ነው። የጋራ ታህት ማለት ይኸው ነው፤ ሕጉን ግን ገና አልነገርነውም።

የመስመር ሥራ፦ ልጁ 24 ሣንቲ ሜትር መስመር አስምሮ 0ንና 1ን ጫፍና ጫፍ ላይ ይጽፋል፤ ከ0 ወደ 1/4፣ ከዚያ የ1/3 ዝላይ ይዘልላል። የደረሰበትን ቦታ በሁለት ስም ይሰይማል፦ 14/24 እና 7/12። አቻ ክፍልፋይ አንድ ቦታ ላይ የተጻፉ ሁለት ስሞች መሆኑን ይረዳል።

የቁጥር ሥራ፦ ልጁ 3/12 + 4/12 ብሎ ይደምራል፤ ቀጥሎ ለምን 7ን ታህት ማድረግ እንደማይቻል በጽሑፍ ያስረዳል። ከዚያ መልሱ 7/12 የሚሆን የራሱን የገበያ ታሪክ ይፈጥራል። ቶሎ ለጨረሰ ልጅ ያንኑ ዓይነት ሃያ ስሌት መጨመር ሽልማት ሳይሆን ቅጣት ነው፤ ጥያቄውን ጥልቅ ያድርጉለት እንጂ አያብዙበት።

ደረጃ 5፦ አርባ አምስቱን ደቂቃ ያከፋፍሉ

መጀመሪያ 5 ደቂቃ፦ ጥያቄውን በቃል ይናገሩ፤ ሁሉም ይገምት። ስሌት አይፈቀድም።

ቀጥሎ 8 ደቂቃ፦ ለሁሉም አንድ ቀላል ምሳሌ (1/2 + 1/4) በወረቀት ያሳዩ። የቁጥር ሥራ የሚሠሩትም ወረቀቱን ይንኩ፤ መሣሪያው የድክመት ምልክት እንዳይመስል።

ቀጥሎ 20 ደቂቃ፦ ሦስቱ ሥራዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። እርስዎ መጀመሪያ 8 ደቂቃ ከወረቀቱ፣ 6 ከመስመሩ፣ 6 ከቁጥሩ ልጆች ጋር ይቀመጡ። ባልተቀመጡበት ቦታ ሥራው ራሱን እንዲመራ ትእዛዙ አጭር፣ በሥዕልም የተደገፈ ይሁን።

ቀጥሎ 8 ደቂቃ፦ ሁሉም ይሰባሰብ። መጀመሪያ የወረቀቱ፣ ቀጥሎ የመስመሩ፣ በመጨረሻ የቁጥሩ ልጅ ይናገር። ቅደም ተከተሉን አይገልብጡ፤ ቁጥሩ ከቀደመ ወረቀት ይዞ የነበረው ልጅ አፉን አይከፍትም። ሦስቱም 7/12 ላይ ሲገናኙ ትምህርቱ ተጠናቀቀ።

የመጨረሻ 4 ደቂቃ፦ አንድ የመውጫ ጥያቄ በቁራጭ ወረቀት። ማታ ያንን አይተው የነገውን ምድብ ይቀይሩ።

ደረጃ 6፦ ለመካከለኛ ደረጃ ልጆች ዕድሜያቸውን የሚመጥን ነገር ያምጡ

የ14 ዓመት ልጅ ሩብን ባያውቅ እንኳ የሕፃናት ሥዕል አይስጡት። መሠረቱ ያው ይሁን፤ ጉዳዩ ግን የትልቅ ሰው ይሁን። ያው የ24 ሣንቲ ሜትር ወረቀት እዚህም ያገለግላል።

ወርቅ፦ 16 ግራም የሚመዝን ዒያር 21 አምባር ስንት ግራም ንጹሕ ወርቅ አለው? 16 × 7/8 = 14 ግራም። ያው ክብደት ያለው ዒያር 18 ቢሆንስ? 16 × 3/4 = 12። ጀማሪው የ21 እና የ18 ሣንቲ ሜትር ወረቀት ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ልዩነቱ 3 ሣንቲ ሜትር ወይም 1/8 መሆኑን ያያል። የቀደመው ልጅ «ማባዛት ሁልጊዜ ያበዛል» የሚለው እምነት የት ላይ እንደ ፈረሰ ያስረዳል።

ማካፈል፦ ሁለት ኪሎ ተኩል ቡና በሩብ ሩብ ኪሎ ሲታሸግ ስንት ከረጢት ይሆናል? አሥር። ሕጉን (ገልብጦ ማባዛት) ከማስተማርዎ በፊት «በዚህ ውስጥ ስንት ሩብ አለ?» ብሎ መጠየቅ ይቅደም።

ውርስ፦ የሙስሊም ቤተሰብ ልጆች በቁርኣን የተወሰኑትን ድርሻዎች (1/2፣ 1/4፣ 1/8፣ 2/3፣ 1/3፣ 1/6) ቤት ወይም ኸልዋ (የቁርኣን ትምህርት ቤት) ሰምተው ሊሆን ይችላል። ሟቹ ሚስት፣ እናት፣ አባትና አንድ ወንድ ልጅ ትቶ ቢያልፍ ሚስት 1/8፣ እናት 1/6፣ አባት 1/6፣ ቀሪው የልጁ ነው። በ24 ሲሠራ 3፣ 4፣ 4 እና 13 ይሆናል። ሕጉን ማብራራት የሃይማኖት መምህሩ ድርሻ ነው፤ የእርስዎ ድርሻ ድምሩ 24/24 መሙላቱን ማሳየት ነው።

አሥራት፦ የክርስቲያኑ ልጅ አሥራትን፣ ማለትም 1/10ን ያውቃል። በ24 ሲሞክረው 2.4 ይወጣና ወረቀቱ እምቢ ይላል። ደስ ይበልዎ! ይህች ቀን ለትምህርቱ ትልቅ ቀን ናት። «ታዲያ ስንት ሣንቲ ሜትር ብንቆርጥ ይሻላል?» ብለው ይጠይቁ። የማስመሪያው ርዝመት 30 መልስ ይሆናል፦ ግማሹ 15፣ ሲሶው 10፣ አምስተኛው 6፣ አሥረኛው 3።

አሁን ወደ መጀመሪያው ቀን አምስተኛ ጥያቄ ይመለሱ፦ 6 ዳቦ ለ10 ሰው። እዚሁ ናይል ሸለቆ ውስጥ፣ ወደ ሰሜን ወረድ ብሎ በግብፅ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ዓመት ገደማ አሕሞስ የተባለ ጸሐፊ በፓፒረስ ላይ ይህንኑ ጥያቄ ጽፎታል፤ ሪንድ ፓፒረስ የሚባለው ይህ ጽሑፍ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። መልሱ ለእያንዳንዱ 1/2 እና 1/10 ነው፦ አምስቱ ዳቦ ለሁለት ለሁለት፣ ስድስተኛው ለአሥር። በ30ው ወረቀት 15 እና 3 ተደምሮ 18 ይሆናል፤ ይህም 6/10 ነው። የወረቀቱ ልጅ ይቆርጠዋል፣ የቁጥሩ ልጅ ደግሞ «7 ዳቦ ቢሆንስ?» ይባላል።

ደረጃ 7፦ ስሕተትን በመሣሪያ እንጂ በቁጣ አያርሙ

1/2 + 1/3 = 2/5 ያለ ልጅ፦ 12ንና 8ን ይቀጥል፤ 20 ሣንቲ ሜትር ሆነ። የ24 ሁለት አምስተኛ ደግሞ 9.6 ብቻ ነው። «ግማሽ ላይ ጨምረህ ከግማሽ አነሰ?» ብለው ይጠይቁትና ዝም ይበሉ። ቀሪውን ራሱ ይጨርሰዋል።

1/8 ከ1/4 ይበልጣል ያለ ልጅ፦ «አንድን ዳቦ ለአራት ወይስ ለስምንት ብትካፈል ደስ ይልሃል?» ሆዱ መልሱን ያውቀዋል።

«የእኔ ግማሽ ከእሱ ግማሽ ይበልጣል» የሚል ልጅ፦ ልክ ነው! ሙሉው ከተለያየ ግማሹም ይለያያል። ክፍልፋዮችን ስናወዳድር ሙሉው አንድ ይሁን።

ሕጉን ሸምድዶ ትርጉሙን የሳተ ልጅ በየአገሩ አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ በተሰጠ አገር አቀፍ ፈተና የ13 ዓመት ልጆች 12/13 + 7/8ን ሳያሰሉ እንዲገምቱ ተጠይቀው ነበር፤ ምርጫዎቹ 1፣ 2፣ 19 እና 21 ነበሩ። ትክክለኛውን 2 የመረጡት ከመቶ 24ቱ ብቻ ነበሩ፤ ከግማሽ የሚበልጡት 19 ወይም 21 አሉ። ሁለቱም ሙሉ ሊሆኑ ጥቂት የቀራቸው ቁራጮች መሆናቸውን ያየ ልጅ ግን ለመገመት እርሳስ አያነሳም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ስሌት በፊት ግምት ይቅደም።

ደረጃ 8፦ ትምህርቱ ከልጁ ጋር ቤት ይግባ

የሐሙስ የቤት ሥራ ደብተር አይፈልግም፦ «እስከ ቅዳሜ ሰፈር ውስጥ የሰማሃቸውን ሦስት ክፍልፋዮች ይዘህ ና።» አንዱ «ሩብ ኪሎ»ን ያመጣል። ሌላዋ ሰዓት ትሰማለች፦ እናቷ «ለአራት ሩብ ጉዳይ» ስትል 1/4 ሰዓት ጎድሏል፤ ሱዳናዊው ጎረቤት በዚያው ቀን «ኢላ ቱልት» ሲል ሲሶ ሰዓት፣ ማለትም 20 ደቂቃ ጎድሏል። አባት ወይም አያት ካሉ «ሲሶ»ና «እርቦ» በድሮው እርሻ ምን እንደ ነበሩ ይጠየቁ። ማንበብ የማይችል ወላጅም በዚህ ሥራ መምህር ይሆናል።

በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ልጅ በደብተርዎ አንድ ገጽ ይክፈቱና በየሳምንቱ አንድ ነገር ብቻ ይጻፉ፦ ዛሬ በምን መሣሪያ፣ ምን አስረዳ? በወር አራት ዐረፍተ ነገር ይሆናል። ልጁ ነገ ወደ ሌላ ሰፈር ወይም በመተማ በኩል ወደ አገር ቤት ቢሄድ ያንን ወረቀት ይዞ ይሂድ፤ የሚቀበለው መምህር ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል የአገራችን ሰው። የተቀላቀለ ክፍልም ብቻዎን ከተሸከሙት ሸክም ነው፤ አረብኛ ከምታውቀዋ፣ ገበያ ከዋለው፣ ወረቀት ከሚያጥፈው ጋር ከተካፈሉት ይቀልላል። ዛሬ ማታ አንድ የደብተር ልባስ ይፈልጉና 24 ሣንቲ ሜትር ይቁረጡ። ነገ ጠዋት በእሱ ይጀምሩ።